ከወጡ በፊትና ከወጡ በኋላ

መቱ ያደገ ሰው ስለ ድግስ ሲያወራ መጀመሪያ የሚያነሳው በሬውን ነው፤ ስንት እንደታረደ፣ ቅቤው ከየት እንደመጣ፣ ዶሮ ወጡ ስንት ድስት እንደሞላ። እኔ የልጅነቴን ድግሶች ሳስታውስ ግን ቀድሞ ትዝ የሚለኝ ከወጡ በፊት እጃችን ላይ የገባው እፍኝ ነገርና ከወጡ በኋላ የቀረበልን ማር ነው። ምክንያቱ የገባኝ ዕድሜዬ ከፍ ካለ በኋላ ነው። ትልቁን ወጥ የምንበላው ለየብቻችን ነበር። ትንንሹን ነገር ሁላችንም ከአንድ ሰፌድ እናነሳ ነበር።

አባቴ በመንግሥት ሥራ ተዛውሮ ወደ መቱ የመጣ ሰው ነው። በ1980ዎቹ እኛ በነበርንበት ሰፈር ኦሮሞው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ ትግሬው አጥር ተጋርቶ ይኖር ነበር፤ ኦርቶዶክሱ ከሙስሊሙ፣ ሙስሊሙ ከፕሮቴስታንቱ ግድግዳ ለግድግዳ ተጠጋግቶ። በ1977ቱ ድርቅ ከወሎና ከትግራይ በሰፈራ የመጡ፣ ኋላም ከሰፈራ ጣቢያው ወደ ከተማ የገቡ ቤተሰቦችም ነበሩ። ታዲያ እንዲህ ባለ ሰፈር ድግስ መደገስ ቀላል ነገር አይደለም። የሚበላውና የማይበላው ብዙ ነው። የሙስሊሙ ሥጋ ሌላ፣ የክርስቲያኑ ሥጋ ሌላ። ረቡዕና ዓርብ ሲሆን ጦመኛው ሌላ። ጠጅና ጠላ የማይቀምሰው ደግሞ ሌላ።

አገሩ ራሱ ከባድ ምግብ ያስወድዳል። መቱ ያለችበት ኢሉባቦር ዝናብ የማይጠግብ መሬት ነው። ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከፍታ ላይ የተቀመጠችው የድሮዋ ዋና ከተማ ጎሬ በዓመት ወደ 2000 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ዝናብ ታገኛለች፤ ከአገሪቱ ዝናባም ቦታዎች አንዷ ናት። በጉምና በጭቃ ሲመላለስ የዋለ ሰው ቤቱ ሲገባ ቅቤ ያምረዋል። ገንፎው መሐሉ ተጎድጉዶ በቅቤ ይሞላል፣ ጨጨብሳው በቅቤ ይታሻል። አንጮቴውማ የመስቀል ንጉሥ ነው።

አንጮቴን ለማያውቅ አንባቢ፦ ከዱባ ወገን የሆነ ሐረግ ነው፤ የሚበላው ሥሩ ነው። ከነልጣጩ ይቀቀላል፣ ከዚያ ይላጣል፣ በደቃቁ ይከተፋል፣ ቅመም በገባበት ንጥር ቅቤ ይለወሳል። ካልሲየም ስለሚበዛበት ለአራስና አጥንቱ ለተሰበረ ሰው ይመረጣል። ወለጋና ኢሉባቦር መስቀልን ያለ አንጮቴ አያስቡትም። አንድ ጭልፋ ያጠግባል፤ ሁለት ጭልፋ ከመቀመጫ አያስነሳም።

ጎረቤታችን የነበሩት የኦሮሞ ባልቴት፣ ሰፈሩ ሁሉ አኮ እያለ የሚጠራቸው፣ አንጮቴውን ቶሎ አያቀርቡም ነበር። መስከረም የእሸት ወር ነው። ከጓሯቸው የቀጠፉትን በቆሎ እፍም ላይ ያገላብጡና አንዱን ራስ ለሁለት ሰብረው ለእያንዳንዳችን ግማሽ ግማሽ ይሰጡናል። ልጅ ነንና ዓይናችን ከድስቱ አይነቀልም። «መጀመሪያ ጥርስ ይሥራ፤ ሆድ ይጠብቅ» ይሉን ነበር። በቆሎ ቸኩሎ የሚበላ ነገር አይደለም፤ ፍሬ በፍሬ ይፈለቀቃል፣ ይታኘካል። ግማሽ ራስ በልተን እስክንጨርስ የራብ ስስታችን ይበርዳል፤ አንጮቴው ሲመጣ ለማጣጣም እንጂ ለመዋጥ አንቀርብም። ቅቤ ያልነካው፣ ጨው እንኳ ያልበዛበት፣ አፍን የሚያነቃ ነገር ቀድሞ እንዲገባ ማድረግ ትልቅ ሙያ ነው። ዛሬ ትልልቅ ሆቴሎች «ማስጀመሪያ» ብለው በዝርዝር ወረቀታቸው ራስ ላይ የሚጽፉትን አኮ በከሰል ምድጃ ይሠሩት ነበር።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ቡና ቀላ ይቀድም ነበር። ይህን በቅርብ ያላየ ሰው ቡና የሚጠጣ ብቻ ይመስለዋል። ጀንፈሉ ከነገለባው ይታጠባል፤ የእያንዳንዷ ፍሬ ጫፍ በጥርስ ነከስ ተደርጎ ይከፈታል፤ ከዚያ ሸክላው ላይ ከቅቤና ከጥቂት ጨው ጋር ይጣዳል። ሲግል ፍሬው ይንጣጣል፣ ቅቤው በተነከሰው ጫፍ ይገባል፣ ቤቱ በሽታው ይታወዳል። አኮ የመጀመሪያዋን ማንኪያ ለሽማግሌ ይሰጣሉ፤ ሽማግሌው ይመርቃል፤ ከዚያ ለሁላችንም ጥቂት ጥቂት ፍሬ መዳፋችን ላይ ይደረጋል። ቅቤ አለበት፤ ቢሆንም መጠኑ ትንሽ ስለሆነ አይከብድም። ምሬቱና ጨዋማነቱ ምራቅ ያመጣል። ምርቃቱም እዚያው ላይ ስለሆነ ከምርቃቱ በፊት ወደ ወጡ የሚቸኩል ሰው አልነበረም።

በእኛ ቤት ደግሞ ትልቁ የማስጀመሪያ ሙያ የሚታየው በፋሲካ ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። በእነዚህ ቀኖች ሁሉ ቅቤና ሥጋ ያልነካው ሆድ በፋሲካ ሌሊት በድንገት ዶሮ ወጥ ሲወርድበት ይታመማል፤ ይህን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። እናቴ መድኃኒቱን የምታዘጋጀው ከቀዳም ሹር ጀምራ ነው። ተልባውን ምጣድ ላይ ለአፍታ ታምሰዋለች፤ ከመጠን ካለፈ ይመራል፤ መንጣጣት ሲጀምር ታወጣዋለች። ትወቅጠዋለች፣ ትነፋዋለች፣ በለብታ ውሃ ትበጠብጠዋለች፣ ጥቂት ማር ታክልበታለች። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ከቅዳሴ ስንመለስ በር ላይ የሚጠብቀን የተልባው ብርጭቆ ነው። ማንም ሰው ሳይጠጣ ወደ ገበታው አይጠጋም፤ አባቴም ቢሆን። ተልባ ውሃ ሲያገኝ የሚያወጣው ዝልግልግ ነገር ጨጓራን ያለሰልሳል፤ ቀጥሎ የሚመጣውን በርበሬና ቅቤ ሆድ ሳይደነግጥ ይቀበለዋል።

ዶሮ ወጡም ብቻውን አይመጣም፤ አይብ አጠገቡ አለ። እናቴ ለምን እንደሆነ አታብራራም፤ «ያበርደዋል» ብቻ ነው የምትለው። ልክ ነበረች። የበርበሬን ማቃጠል የሚያመጣው ንጥረ ነገር በውሃ አይሟሟም፤ ቅባትና የወተት ፕሮቲን ግን ይዘውት ይሄዳሉ። በርበሬ ያቃጠለው ሰው ውሃ ደጋግሞ ቢጠጣ ማቃጠሉ የማይለቀው፣ አንድ ጉርሻ አይብ ሲበላ ግን የሚያርፈው ለዚህ ነው። ከበዓሉ ምሳ በኋላ አንድ ኩባያ እርጎ የሚሰጠን ለዚሁ ነበር።

የሰፈሩ ጥበብ ግን ከሁሉ በላይ የታየው በእህቴ ሠርግ ነው። ሠርጉ ጥር ላይ ነበር፤ ቡና ተለቅሞ ያለቀበት፣ ገንዘብ በየቤቱ የገባበት ጊዜ። ሁለት በሬ ተገዛ። አንዱ በእኛ ግቢ ታረደ። ሁለተኛውን ከአጥራችን ማዶ፣ ሐጂ በምንላቸው ጎረቤታችን ግቢ፣ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ራሳቸው ባርከው አረዱት፤ ድስቱም፣ ቢላዋውም፣ ወጥ ሠሪዎቹም የራሳቸው ነበሩ። እንዲህ ማድረግ መቱም፣ ጎሬም፣ በደሌም የታወቀ ወግ ነው፤ ማንም ቅር አይለውም። ሆኖም ሠርገኛው ከመጀመሪያው በሁለት ቢከፈል ኖሮ ሠርጉ ሁለት ሠርግ ይሆን ነበር።

እንዲህ እንዳይሆን ያደረጉት ሴቶቹ ናቸው። ቀጤማ በተጎዘጎዘው አንድ ዳስ ሁሉም ሰው ገብቶ ተቀመጠ። መጀመሪያ የመጣው የገብስና የሽምብራ ቆሎ ነው። ቀጥሎ በትንንሹ የተቆረጠ ቅቅል ጎደሬ ከሚጥሚጣ ጋር። ከዚያ ከወሎ የመጣችው ጎረቤታችን የሠራችው የሱፍ ፍትፍት። ሱፉ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ተጠልሎ የወጣው ነጭ ውሃ ላይ እንጀራው ተፈትፍቶ፣ ቃሪያና ሽንኩርት ጣል ጣል ተደርጎበት፣ ቀዝቃዛ ሆኖ ነው የቀረበው። ሥጋ የለበትም፣ ቅቤ የለበትም፣ አልኮል የለበትም። ሙስሊሙ ይበላዋል፣ ክርስቲያኑ ይበላዋል፣ ቆብ የደፉት አሮጊት አክስታችንም ይበሉታል። አፍ ይከፍታል እንጂ ሆድ አይሞላም።

አባቴ የእንግዳ ክብር እንዳይጓደል ብሎ ወደ ሐጂ ጎንበስ አለና «ሐጂ፣ የእርስዎ ማዕድ በወዲያ በኩል ተዘጋጅቷል፤ ቶሎ ይለፉ እንጂ» አላቸው። ሐጂ ከሱፍ ፍትፍቱ እያነሱ «ወጡ የት ይሄዳል ልጄ? መጀመሪያ አብረን እንቅመስ» አሉት። ከጎናቸው የተቀመጡት የእኛ የንስሐ አባት ሳቁ፤ እሳቸውም እጃቸውን ወደዚያው ሰደዱ።

ዋናው ምግብ ሲደርስ ሰው ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ወደ ሐጂ ግቢ ተሻገረ። ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ እጅ ከታጠበ በኋላ፣ ሁሉም ተመልሶ ወደ ዳሱ መጣ። ማንም ትእዛዝ አልሰጠም። ያመጣው ማሩ ነው።

ስለ ኢሉባቦር ማር ሳላወራ ማለፍ አይሆንልኝም። ከቅርፊትና ከሐረግ የተሠራው ቀፎ ረጅም ዛፍ ላይ ይሰቀላል፤ ቆራጩ ሌሊት በገመድ ይወጣል፣ ጭስ ይዞ። ገተማ የሚባለው የጫካ ዛፍ ሲያብብ የሚገኘው ማር ነጭ ነው፤ ጥቂት ቆይቶ እንደ ቅቤ ይረጋል፣ በማንኪያ ይቆረጣል። ጣዕሙ ለስላሳ ነው፤ ጉሮሮ አይከረክርም። ከግራዋ አበባ የሚገኘው ደግሞ ጠቆር ያለ ነው፤ መረር ይላል። እናቴ ለሠርጉ ሁለቱንም አቀረበች። ብዙ ሰው ነጩን ይመርጣል፤ እኔ ግን ከቅባት በኋላ መረር ያለውን እመርጣለሁ፤ ጣፋጩ ከስቡ ላይ አይደራረብም፣ አፍ ይጠራል። አንድ ማንኪያ ይበቃል። ማር ደግሞ ማንንም አያገልልም፤ በእስልምናም በክርስትናም የተከበረ ነው።

ከማሩ ጋር ብርዝ መጣ። በዚያው ጠዋት በውሃ የተበጠበጠ፣ ጌሾ ያልገባበት፣ ያልፈላ የማር መጠጥ ነው። ጠጅ የሚጠጣው ጠጁን ይዞ፣ የማይጠጣው ብርዙን ይዞ አንድ ወንበር ላይ ተጎራበቱ። ቀጥሎ ፍራፍሬው፦ ፓፓያ፣ አናናስ፣ ከጓሮ የተቆረጠ ሙዝ፣ ለልጆች ሸንኮራ አገዳ። ፓፓያና አናናስ ፕሮቲን የሚሰባብር ንጥረ ነገር ያላቸው ፍሬዎች ናቸው፤ የሥጋ ማለስለሻ እንኳ ከፓፓያ ይሠራል። ጥሬ ሥጋና ክትፎ ከበላ በኋላ ቁራሽ አናናስ አፉ ያስገባ ሰው ፊቱ ሲፈታ ይታያል። እኛ ኬክ አልነበረንም፤ አላስፈለገንምም።

የመጨረሻው ቡናው ነው። ኢሉባቦር ለቡና እንግዳ አይደለም። ከመቱ ብዙ የማይርቀው የያዮ ጫካ የዱር ቡና የበቀለበት ነው፤ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የተመዘገበውም ለዚሁ ነው። ከዚያ ቀደም ባለው ዘመን የጎሬ ነጋዴዎች ቡናውን በበቅሎ ጭነው ወደ ጋምቤላ ያወርዱት ነበር። በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ውል መሠረት ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተከፍቶ ነበርና፣ ክረምት ሲገባና ወንዙ ሲሞላ የሱዳን መርከቦች እዚያ ይደርሱ ነበር። ቡና ይወርዳል፣ ጨው ይወጣል። የአገሬው ሰው ቡናው ላይ ቅንጣት ጨው ጣል የማድረጉን ልማድ ሳስብ ይህ መንገድ ትዝ ይለኛል። በሠርጉ ዕለት አኮ ያፈሉት ቡና እንዲሁ ጨው ያለበት ነበር። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ ሦስተኛው ሲኒ ላይ ጀምበር አዘቀዘቀች፤ ከዳሱ የተነሳ ሰው ግን ጥቂት ነበር። ያ ከሰዓት በኋላ ከወጡ ሰዓት ሁለት እጥፍ ይረዝማል። ዕቁብ የተነጋገረው፣ ዕዳ ይቅር የተባባለው፣ የተኳረፈው የታረቀው ከማርና ከቡና መካከል ነው።

ከከተማ ወጣ ሲሉ ግን ይህ ሥርዓት ይላላ ነበር። ከአዲስ አበባ መቱ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የዚያን ጊዜ አውቶቡስ ጂማ ላይ ያድራል፣ በማግሥቱ በደሌ ላይ ለምሳ ይቆማል። በደሌ የጂማ፣ የነቀምትና የመቱ መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ናት፤ ምግብ ቤቶቿ ለተሳፋሪ ሲሉ ይፈጥናሉ። ጥብስ፣ ከዚያ ቢራ፣ ከዚያ ጥሩምባ። ቢራ ፋብሪካው በ1985 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ጠርሙሱ የጠፋበት ገበታ አልነበረም። ከጥብሱ በኋላ ቢራ የጠጣ ተሳፋሪ እስከ መቱ ድረስ ሆዱን ይዞ ነው የሚሄደው። እናቴ በመስኮት ሙዝ ትገዛ ነበር፤ ያ በቂያችን ነበር።

በቅርቡ አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ የመቱ ልጅ ሠርግ ላይ ተገኘሁ። አዳራሹ ያማረ ነው። ቡፌው ረጅም ነው፤ ክትፎው፣ ጥብሱ፣ ዶሮ ወጡ፣ ላዛኛው፣ ፓስታው፣ ሰላጣው በአንድ መስመር ተደርድሯል። ሰው ሰሃኑን ይዞ ይሰለፋል፣ ሁሉንም አንድ ላይ ይቆልላል። ሰላጣው ከዶሮ ወጡ ሥር ይቀበራል። ቡፌ ዘመናዊ ይመስለናል፤ አውሮፓውያን ግን ምግቡን ሁሉ በአንድ ጊዜ ገበታ ላይ መደርደርን ትተው በተራ በተራ ማቅረብን የለመዱት በ19ኛው መቶ ዘመን ነው። እኛ ደግሞ የነበረንን ተራ ጥለን ወደ ድርድሩ ገባን። የሙስሊሞቹ ማዕድ በአዳራሹ ሌላኛው ጫፍ ነበር፤ መሰለፊያውም ለብቻ። ከሰላምታ በቀር አልተገናኘንም። በስተመጨረሻ በክሬም የተሞላ ኬክ መጣ፤ በቅቤ ላይ ቅቤ። ብዙ ሰው አልነካውም፤ ቁራሹን ሰሃኑ ላይ ትቶ ኮቱን አነሳ። ከመቱ የመጡ ትልልቅ ሰዎች ዓይናቸው ሲንከራተት አየሁ። የጎደለው ምግብ አልነበረም።

ይህን የምጽፈው የድሮ ድግስ ናፍቆኝ ብቻ አይደለም። ሥርዓቱ ውድ አይደለም፤ ከቡፌው ይረክሳል። ስለዚህ ጥር ላይ ልጅ የምትድሩ የመቱ፣ የጎሬ፣ የሁሩሙ፣ የያዮ፣ የበደሌ ልጆች ሁሉ፣ ልመናዬን ስሙኝ። ክትፎውንና ዶሮ ወጡን እንደፈለጋችሁ አብዙት። ነገር ግን እንግዳው ሁሉ አንድ ላይ ሳለ፣ ሳይከፋፈል፣ ቅቤና ሥጋ የሌለበት ጥቂት ነገር አስቀድሙ፤ ቆሎም ይሁን፣ ጎደሬም ይሁን፣ የሱፍ ፍትፍትም ይሁን። ከምግቡ በኋላ ሙዚቃውን ዝቅ አድርጉ፤ ፓፓያና አናናስ ቁረጡ፤ ማር አዙሩ፤ ብርዙ ከጠጁ ጎን ይቅረብ፤ ቡናውን አዳራሹ ውስጥ አስፈሉ እንጂ በር ላይ አታስቀሩት። ሰው እንዲመለስና እንዲቀመጥ ጊዜ ስጡት። ማሩን ደግሞ ከአዲስ አበባ ሱቅ አትግዙ። መቱ ለሚገኝ ዘመድ ቀደም ብላችሁ ደውሉ፤ በአውቶቡስ ይላክላችኋል።